ትዝታ ሃይማኖት ሲሆን

«ድሮ ቀረ!» የማይል ሰው በከተማችን ይገኛል ብሎ መፈለግ ድካም ነው። ሽማግሌው ይለዋል፤ ጎልማሳው ይለዋል፤ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ወጣት እንኳ ያላየውን ዘመን እያሰበ ይለዋል። በርበሬው እንደ ድሮው አያቃጥልም፤ ጠላው እንደ ድሮው አይጣፍጥም፤ ጎረቤት እንደ ድሮው አይጠያየቅም። ይህ ቡና እየተጠጣ ሲባል ምንም ክፋት የለውም። ሰው ሆኖ ያለፈውን የማይናፍቅ የለምና። የዚህን ጽሑፍ አቅራቢ ለክርክር ያስነሣው ግን «ድሮ ቀረ» ከረከቦቱ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ቤተ መቅደስ መግባቱ፣ ገብቶም በዘለዓለም ወንበር ላይ መቀመጡ ነው።

ነገሩን ሳልሸፋፍን ልናገር። በዛሬው የአገራችን ክርስትና፣ በኦርቶዶክሱም ሆነ በወንጌላውያኑ ዘንድ፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደ አንድ ዕቃ ተጠቅልለው እየቀረቡ ነው። አንደኛው ያለፈውን ዘመን መናፈቅ ነው። ሁለተኛው ዘለዓለምን መናፈቅ ነው። የመጀመሪያው የሰው ባሕርይ ነው፤ ያረጃል፤ ከባለቤቱም ጋር ይቀበራል። ሁለተኛው የክርስትና ልብ ነው። የመጀመሪያው የሁለተኛውን ካባ ደርቦ ሲመጣ ግን «ይሁን፣ ምን አለበት» ብሎ ማለፍ አይገባም። በዚህ መደባለቅ የሚጎዱ ሰዎች አሉና። እነማን እንደሆኑ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

እስቲ በቅድሚያ ቃሉን እንየው። አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ትዝታና ናፍቆት የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉት። የትዝታ ፊቱ ወደ ኋላ ብቻ ነው፤ ነገ የሚሆን ነገር ለማንም ትዝ አይለውም። ናፍቆት ግን ሁለት ፊት አለው። የሞተች እናቱን የሚያስብ ሰው ይናፍቃል፤ ከሄደበት አገር የሚመለስ ልጇን በር በሩን እያየች የምትጠብቅ እናትም ትናፍቃለች። የእርሱ ናፍቆት የሚጠብቀው እንግዳ የለም። የእርሷ ናፍቆት ግን ቤት ያስጠርጋል፤ ቡና ያስቆላል፤ መብራት ሳያጠፉ ያሳድራል።

ፊደሉም የራሱ ምሥጢር አለው። መንፈቅ ማለት እኩሌታ ነው፤ መንፈቀ ሌሊት፣ መንፈቀ ዓመት እንላለን። መናፍቅ ደግሞ ልቡ ለሁለት የተከፈለ ተጠራጣሪ ነው። ናፍቆትም ከእነዚሁ ከሦስቱ ፊደላት፣ ከነ፣ ከፈና ከቀ የተሠራ ቃል ነው። የናፈቀ ሰው እኩሌታው እዚህ፣ እኩሌታው ሌላ ቦታ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ያ ሌላው እኩሌታ የት ነው ያለው የሚለው ነው። ከፊት ነው ወይስ ከኋላ? ከፊት ከሆነ ሰውየው ተስፈኛ ነው። ከኋላ ብቻ ከሆነ ግን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ያው ፊደል ሌላ ስም አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

ፈረንጆች ኖስታልጂያ የሚሉት ቃል የወጣው ከሐኪም ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የሕክምና ተማሪ በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ከቤታቸው ርቀው በሚኖሩ ወጣቶች ላይ የሚታየውን ስቃይ እንደ አንድ በሽታ ቆጥሮ ስም አወጣለት። ስሙን የሠራው ከሁለት የግሪክኛ ቃላት፣ ከ«መመለስ» እና ከ«ሕመም» ነው። የበሽታውም ዋና መድኃኒት በሽተኛውን ወደ አገሩ መመለስ ነበር። ክርስትና ግን የመመለሻው መንገድ ተዘግቶ የተጀመረ ጉዞ ነው። ይህን የሚዘነጋ ሰባኪ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ደግሞ ቢያነበው መልካም ነው።

የተዘጋው በር

ከአዳም ይልቅ ለትዝታ መብት የነበረው ሰው የለም። እርሱ ያጣው እውነተኛ ገነት ነው፤ እንደ እኛ በሐሳቡ ቀብቶ ያሳመረው የልጅነት መንደር አልነበረም። ታዲያ ለእንባው የተሰጠው መልስ ምን ነበር? ኦሪት ዘፍጥረት እንደሚነግረን ወደ ሕይወት ዛፍ በሚወስደው መንገድ ላይ ኪሩቤልና የምትገለባበጥ የነበልባል ሰይፍ ተተከሉ። መመለስ ተከለከለ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ደግሞ ፈጣሪ ከልጅ ልጁ ተወልዶ እንደሚያድነው ለአዳም ቃል ኪዳን ሰጠው፤ ቃሉም የሚፈጸመው ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ፣ አንዱ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ተቆጥሮ ከ5500 ዘመን በኋላ ሆነ። በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን ዘመኑ የማቴዎስ፣ የማርቆስ፣ የሉቃስ ወይም የዮሐንስ መሆኑን ለማወቅ 5500ን ከዓመተ ምሕረቱ ጋር ደምረው ለአራት የሚያካፍሉት ሊቃውንት፣ የሚያሰሉት ይህንኑ የአዳምን ቀጠሮ ነው። የዘመን አቆጣጠራችን ሂሳብ ራሱ የመጠበቅ ሂሳብ እንጂ የመመለስ ሂሳብ አይደለም።

መጽሐፍ ቅዱስ በአትክልት ስፍራ ይጀምራል፤ የሚጨርሰው ግን በከተማ ነው። አዳም የተከለከለው የሕይወት ዛፍ በዮሐንስ ራእይ መጨረሻ እንደገና ይገኛል። የሚገኘው ግን በድሮው ገነት ውስጥ ሳይሆን ከሰማይ በምትወርድ፣ ቅጥርና አሥራ ሁለት ደጆች፣ አደባባይና ወንዝ ባላት አዲስ ከተማ ነው። ሰዎች ወደ ኋላ ተጉዘው አያገኟትም፤ እርሷ ናት ወደ እነርሱ የምትመጣው። የገጠሩን ሕይወት የጽድቅ፣ የከተማውን ኑሮ የርኩሰት አድርገው የሚሰብኩ ሁሉ ይህን ልብ ቢሉት ምንኛ ጥሩ ነበር።

አብርሃምንም እንይ። ከዑር ከወጣ በኋላ ተመልሶ አልገባም። ለይስሐቅ ሚስት ለማምጣት ሎሌውን ወደ ዘመዶቹ አገር በላከ ጊዜ እንኳ ልጁን ወደዚያ እንዳይመልሰው አጥብቆ አስጠንቅቆታል። የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊም እነዚህ አባቶች የወጡበትን አገር ቢያስቡ ኖሮ ለመመለስ ጊዜ ነበራቸው፤ ነገር ግን የሚሹት የሚበልጠውን፣ ሰማያዊውን ነው ብሎ ይደመድማል። ከዚህ በላይ ግልጽ ነገር ይኖር ይሆን?

የሎጥ ሚስትስ? ስሟን እንኳ መጽሐፉ አልጻፈልንም። ክርስቶስ ግን ደቀ መዛሙርቱ እንዲያስቧት አዘዘ። ያዘዘውም ስለ መጨረሻው ቀን ሲናገር ነው። ዘለዓለም ከፊት እየመጣ ሳለ ዞሮ ማየት ምን እንደሚያስከትል ከዚህች የጨው ሐውልት የበለጠ ምሳሌ አልተገኘም ማለት ነው። ጨው እንደሆነ ቶሎ አይበሰብስም። ትዝታም እንዲሁ ነው። ይቆያል፤ ግን አይራመድም።

ሽንኩርቱና ሰንሰለቱ

«የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» ይላሉ አበው። ልጁ በሕይወት ሳለ አንገቱን ለክቶ የመሰከረለት አልነበረም። እስራኤላውያን በሲና ምድረ በዳ ያደረጉት ይህንኑ ነው። በኦሪት ዘኍልቍ 11ኛው ምዕራፍ ላይ ድንኳናቸው ደጃፍ ቆመው ሲያለቅሱ እናገኛቸዋለን። ምን ናፈቃቸው? የግብፅ ዓሣ፣ ዱባው፣ በጢኹ፣ ኩራቱ፣ ቀይ ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ! ጅራፉ ትዝ አላላቸውም። ጡቡ ትዝ አላላቸውም። ወደ ወንዝ የተጣሉት ወንዶች ሕፃናት ትዝ አላሏቸውም። ሽንኩርቱ ሰንሰለቱን ሸፈነው።

እኛስ «ደጉ ዘመን» የምንለው የትኛውን ነው? ሁሉ በአንድ ልብ ጾሞ፣ በአንድ ልብ አስቀድሶ፣ ተፋቅሮ የኖረበት ዘመን በየትኛው ዜና መዋዕል ተጽፏል? ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት የመንግሥቱ ሃይማኖት ባደረጉ ጊዜ አገር ደም ተፋሰሰ፤ በ1624 ዓ.ም. የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ እስኪለቁ ድረስ። ከዚያ ወዲህ ቅባትና ጸጋ፣ ተዋሕዶና ሦስት ልደት እየተባባሉ ሊቃውንት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ተከራከሩ፤ ተወጋገዙ። ክርክሩ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሲዘጋ፣ ከጉባኤው በኋላ የወሎ ሙስሊሞች በግድ እንዲጠመቁ ታዘዘ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የዘለቀው ክፉ ቀን ከብቱንም ሰውንም ፈጀ። ባርነትን በሕግ ያስቀረው አዋጅ የወጣው ደግሞ በ1934 ዓ.ም. ነው። ሩቅ አይደለም፤ የአያቶቻችን ዕድሜ ነው። እንግዲህ «ደጉ ዘመን» ስንል ለማን ነበር ደግ? ለጌታው ነው ለባሪያው? ለባልየው ነው በልጅነቷ ለተዳረችው ሚስት?

ወንጌላውያኑ ወገኖቻችንም ከዚህ አያመልጡም። እነርሱ ደግሞ የሚናፍቁት የደርግን ዘመን ነው። አገዛዙን ማለቴ አይደለም፤ በየቤቱ መስኮት ተዘግቶ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ይጸለይ የነበረበትን ጊዜ ማለቴ ነው። «የያኔው እሳት»፣ «የያኔው ፍቅር» የማይባልበት ስብከት ጥቂት ነው። መከራ የጸናውን ሰው ማክበር ተገቢ ነው። ነገር ግን መከራን እንደ ርስት መናፈቅ ምን የሚሉት መንፈሳዊነት ነው? የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳና በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው የተነሡት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ሁለቱም በ1971 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተገደሉ። ያ ዘመን ይህ ነው። በዚያ ዘመን የታገሡት ሰዎች ያቆማቸው ከፊታቸው ያለው ተስፋ ነው። እኛ ግን እነርሱ ወደ ፊት ያዩበትን ዓይን ትተን የቆሙበትን ወለል እንስማለን።

መጽሐፈ መክብብ ቀደም ያለው ዘመን ከዛሬው ለምን ተሻለ ብሎ መጠየቅን ይከለክላል፤ ይህ ከጥበብ የሚወጣ ጥያቄ አይደለም ይላል። እንዲህ ያለ ግልጽ ቃል እያለ በስብከት መካከል «ድሮ'ኮ...» የሚለው ቃል ሲነሣ ምእመናን ራሳቸውን እየነቀነቁ ይመጡለታል። አንዳንዱም ያለቅሳል። ማልቀሱ ያስመሰግነዋል እንጂ ለምን እንደሚያለቅስ የሚጠይቀው የለም።

ልቅሶና እልልታ

በመጽሐፈ ዕዝራ 3ኛ ምዕራፍ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ቀን ተመዝግቧል። ከባቢሎን ምርኮ የተመለሱት አይሁድ የሁለተኛውን ቤተ መቅደስ መሠረት የጣሉበት ቀን ነው። የመጀመሪያውን፣ በናቡከደነፆር እጅ የፈረሰውን ቤት በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ። ሌሎቹ በደስታ እልል አሉ። ከሩቅ የሚሰማ ሰው የልቅሶውን ድምፅ ከእልልታው መለየት አልቻለም ይላል።

እኔ የዛሬውን ጉባኤያችንን የምመስለው በዚህ ቀን ነው። እንባው አለ፤ ዕልልታው አለ፤ የቱ ለምን እንደሆነ ግን አልተለየም። የሚያለቅሱት ሽማግሌዎች ክፉዎች አልነበሩም። ያለቀሱለትም ነገር እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ከልቅሷቸው ጎን ሆኖ ድንጋይ የሚያቀብል ወጣት ምን ተሰማው ይሆን? «ያንተ ቤት የእኛን አያህልም» ከሚባል ግንብ ሥር የሚቆም ግንበኛ እስከ መቼ ይቆማል? እግዚአብሔር በነቢዩ በሐጌ አፍ የፈረደው ለማን ነው? የዚህ የኋለኛው ቤት ክብር ከፊተኛው ይበልጣል ብሎ ለድንጋይ አቀባዩ ፈረደለት።

ለፍሮይድ የምንሠራለት ሥራ

ሃይማኖትን በሳይንስ ስም ከሚነቅፉት ሁሉ ብልኁ ሲግመንድ ፍሮይድ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1927 ባወጣው መጽሐፍ ሃይማኖት ማለት ረዳት የሌለው ሕፃን ለአባቱ ጥበቃ ያለው ናፍቆት ነው ብሎ ተከራከረ። ከሦስት ዓመት በኋላም በ1930፣ ሰዎች ዘለዓለምነት ብለው የሚጠሩትን ያን ወሰን የሌለው ስሜት፣ ጡት የሚጠባ ልጅ ራሱን ከዓለም ለይቶ ከማያውቅበት ጊዜ የቀረ ርዝራዥ አድርጎ ተረጎመው። ባጭሩ፦ ዘለዓለምን መናፈቅ የእናትን ጭን መናፈቅ ነው።

ለዚህ ሰው መልስ መስጠት ይቻላል። ዳሩ ግን በየመድረኩ የምናደርገው ነገር ሁሉ የእርሱን ክስ የሚያጠናክር ሆኖ ሳለ መልሳችንን ማን ይሰማል? የቤተ ክርስቲያንን ዜማ ለምን ትወደዋለህ ሲባል «ልጅነቴን ያስታውሰኛል» የሚል አማኝ፣ ሳያውቀው ለፍሮይድ ምስክር ሆኖ ቆመ። ትውፊቱ እኮ የሚለው ሌላ ነው። ቅዱስ ያሬድ በአክሱም ዜማውን የተማረው ከሰማይ ካህናት ነው ይላል ትውፊቱ። እንግዲህ ያ ዜማ ወደፊት የሚሰማው ነገር ቅምሻ ነው እንጂ የአያት ቤት ትዝታ ማጀቢያ አይደለም። እኛ ግን በትዝታ ቅኝት ከተዘመረው መዝሙር ውስጥ መዝሙሩን ትተን ትዝታውን ይዘን እንወጣለን። በስልካችን የምንቀባበላቸው አጫጭር የቪዲዮ ምስሎችም የሣር ክዳን ቤት፣ የጧፍ ብርሃን፣ ነጠላ ያጣፉ አሮጊትና የሚያሳዝን ክራር ይዘው «መንፈሳዊ» ይባላሉ። ከእነዚህ አንዱም ስለሚመጣው ዓለም አንዳች አይናገርም።

የእንግሊዙ ጸሐፊ ሲ ኤስ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1941 በኦክስፎርድ በሰጠው አንድ ስብከት ይህንኑ ነገር በሚገባ ለይቶታል። የልጅነት ትውስታም ሆነ ውብ ዜማ የምንናፍቀው ነገር ምሳሌ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገሩ ራሱ ናቸው ብለን ከያዝናቸው ግን ጣዖት ይሆኑና አምላኪዎቻቸውን ልብ ይሰብራሉ ነው ቁም ነገሩ። ሰው ወደ ናፈቀው ዘመን ተመልሶ ቢገባ እንኳ የሚያገኘው ያን ነገር ሳይሆን ሌላ ናፍቆት ነው። እውነቱን ነው። በልጅነታችን እኮ ደስታችን ሙሉ አልነበረም፤ ያን ጊዜ የምንናፍቀው ማደግን ነበር!

ከእርሱ አሥራ አምስት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ የነበረው የባስልዮስ ወንድም ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ደግሞ ስለ ሙሴ ሕይወት በጻፈው መጽሐፍ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ሐዋርያው ጳውሎስ ከኋላ ያለውን እየረሳ ከፊቱ ወዳለው እንደሚዘረጋ ለፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈውን ይዞ፣ ፍጹምነት ማለት መድረስ ሳይሆን ሳያቋርጡ መዘርጋት ነው ብሎ ያስተምራል። ሙሴ እግዚአብሔርን ካየ በኋላ እንኳ የበለጠ ለማየት ተመኘ። ዘለዓለም እንደዚህ ከሆነ፣ ጉዞ እንጂ መኝታ አይደለም። የእናት ጭን አይደለም።

ድሮ የሌላቸው

አሁን ወደ ተጎጂዎቹ ልምጣ። አንደኞቹ ድሮ የሌላቸው ናቸው። በዋሽንግተን፣ በዳላስ፣ በለንደን፣ በስቶክሆልም ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለዱ ልጆች ብዙ ናቸው። እሑድ እሑድ ነጠላ ተደርጎላቸው ቤተ ክርስቲያን ይወሰዳሉ። የሚሰሙት ስለ ምን ነው? ስላላዩት መንደር፣ ስላልጠጡት ምንጭ፣ ስላላወቋቸው ሰዎች ነው። ለአባትዬው ሁለት ሰዓት በትዝታ መታጠብ ነው፤ ለልጁ ግን የሌላ ሰው አልበም ማገላበጥ ነው። ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው መምጣቱን ሲያቆም «ዘመኑ ከፋ» ይባላል። ዘመኑ አይደለም! እግዚአብሔር የአባቱ አገር ትዝታ ክፍል ነው ብለን ያስተማርነው እኛው ነን። የሌላ ሰው ትዝታ አይወረስም። ተስፋ ግን ይወረሳል።

ሁለተኞቹ ድሯቸው የመረራቸው ናቸው። ጎጆዋ ለአንዱ የፍቅር ቤት ሆና ትታወሰዋለች፤ ለሌላዋ የተደበደበችበት፣ ያለ ፈቃዷ የተዳረችበት ቤት ናት። ይህችን ሴት መንግሥተ ሰማያት የልጅነትሽን ቤት ይመስላል ብንላት ገነትን ሰበክንላት ወይስ ሲኦልን? ስለሚመጣው ዓለም የሚነግራት፣ እንባን ሁሉ ስለሚያብስ አምላክ የሚነግራት ግን እውነተኛ ወንጌል ነገራት።

ሦስተኛው ተጎጂ ዛሬ ራሱ ነው። ዓይኑ ከኋላ የሆነ ምእመን ዛሬ በደጁ የወደቀውን አያይም። «ድሮ ደግነት ነበር» እያለ የሚያለቅስ ሰው ዛሬ ደግ እንዲሆን ማን ከለከለው?

ሞኒካና የአገር አፈር

«የስደተኛውንስ ናፍቆት ልትነቅፍ ነው?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ከቶ አይደለም። ቤይሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት ሆና፣ ሌሊት በስልኳ ቅዳሴ እየሰማች የምታለቅስ እህቴ ላይ የምወረውረው ድንጋይ የለኝም። የጽዮን ምርኮኞችም በባቢሎን ወንዞች አጠገብ አልቅሰዋል፤ ልቅሷቸውም በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ ገብቷል። እኔ የምለው ልቅሶው እዚያው አይቅር ነው።

በውጭ አገር ሰው ሲሞት ወገን ገንዘብ አዋጥቶ ሬሳውን ወደ አገሩ ይልካል። ደግ ነገር ነው፤ ፍቅር ነው። ነገር ግን «አገሩ አፈር ካልገባ ነፍሱ አታርፍም» የሚለው አነጋገር ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ387 ዓ.ም. የአውግስጢኖስ እናት ሞኒካ ወደ አፍሪካ ልትመለስ መርከብ ስትጠብቅ በሮም ወደብ በኦስትያ ታመመች። ቀድሞ በትውልድ አገሯ ከባሏ አጠገብ ለመቀበር ታስብና ትዘጋጅ የነበረች ሴት ናት። በመጨረሻዋ ሰዓት ግን ሥጋዋን የትም እንዲቀብሩት፣ እርሷን ግን በመሠዊያው ፊት እንዲያስቧት ብቻ ለልጆቿ ነገረች። ከአገርሽ ርቀሽ መቀበር አያስፈራሽም ወይ ሲሏትም ለእግዚአብሔር ሩቅ የሚባል ነገር እንደሌለ መለሰች። ልጇ ይህን በኑዛዜው መጽሐፍ ጽፎታል። ዘለዓለም የገባው ሰው አገሩን አይጠላም፤ ከአገሩ አፈር በላይ የሚጠብቀው ነገር አለው እንጂ።

ዮሴፍስ አጥንቱን አስጭኖ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አዎን አስጭኗል። ነገር ግን ዮሴፍ የተወለደው የት ነው? አያቱ ላባ በሚኖርበት በሶርያ ምድር ነው። አጥንቱ እንዲወሰድ ያዘዘው ግን ወደ ከነዓን ነው። ወደ ተወለደበት ሳይሆን ተስፋ ወደ ተሰጠበት።

ፊታችን ወዴት ነው?

በመጨረሻ አንድ ከባድ መከራከሪያ አለ፤ ልሸሸው አልፈልግም። ታላቁ ባስልዮስ ስለ መንፈስ ቅዱስ በጻፈው መጽሐፍ፣ ስንጸልይ ወደ ምሥራቅ የምንዞረው የጥንት አገራችንን፣ በምሥራቅ የተተከለችውን ገነት እየፈለግን ነው ይላል። ታዲያ ይህ ወደ ኋላ መናፈቅ አይደለምን? መልሱን በስምንተኛው መቶ ዘመን የነበረው ዮሐንስ ዘደማስቆ አሟልቶታል፦ ክርስቶስም የሚመጣው ከዚያው አቅጣጫ ነውና እርሱን እየጠበቅን እንሰግዳለን። ገነትን የፈለገ ሰው ፊቱን ወደሚመጣው አዞረ ማለት ነው። ያጣነውም የምንጠብቀውም በአንድ አቅጣጫ፣ ከፊታችን ናቸው። ምሥራቅም ፀሐይ የምትወጣበት እንጂ የምትጠልቅበት አይደለም።

ስለዚህ ትውፊትን አፍርሱ እያልኩ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። ትውፊት ማለት ያለፈውን ለሚመጣው ማቀበል ነው፤ ትዝታ ግን ያለፈውን ይዞ ማስቀረት ነው። በዮሐንስ አፈ ወርቅ ስም የሚጠራው የግሪኮች ቅዳሴ መስቀሉን፣ መቃብሩንና ትንሣኤውን ባሰበበት አንቀጽ ውስጥ ገና ያልሆነውን ዳግም ምጽአትንም አብሮ «ያስባል»። እ.ኤ.አ. በ381 በቁስጥንጥንያ የተሟላው የሃይማኖት ጸሎት የሚያበቃው የሙታንን ትንሣኤና የሚመጣውን ዓለም ሕይወት በመጠበቅ ነው። የክርስቲያን መታሰቢያ እንዲህ ነው፤ እግሩ ትናንት ላይ ቆሞ ዓይኑ ነገን ያያል።

እንግዲህ የማሳርገው ለሰባክያንም ለምእመናንም በሚሆን አንድ ነገር ነው። ከዛሬ ጀምሮ «ድሮ'ኮ...» ብሎ የሚጀምር መምህር ባጋጠመዎ ጊዜ አያልቅሱለት። ይልቅስ ትምህርቱ ሲያልቅ ቀረብ ብለው በአክብሮት ይጠይቁት፦ «አባቴ፣ ይህ የነገሩን ሁሉ ለእኔ ነው። ድሮ ለሌለው ልጄስ ምን አለዎት?» መልስ ካለው የዘለዓለም መምህር ነው። ከሌለው ግን ያስለቀሰዎ ትዝታ ነው፤ ለትዝታ ደግሞ ክራር ይበቃዋል።